ጥላሽ ካንቺ ሲያጥር

«ደም ማነስ አይደለም፤ ፀሐይ ነው ያነሰሽ»
አለች ሐኪሟ። «ቁጥርሽ ዘጠኝ ወርዷል፤
ለዚህ ነው አጥንትሽን ሌሊት የሚቆረጥምሽ።»
ሳቄ አመለጠኝ። ከስንት ወር በኋላ!
በድሬ? ቆርቆሮው በቀትር በሚፈላ፣
ግመል ከግንብ ሥር ቆሞ ጥላ በሚሻማበት፣
ባጃጅ እንኳ ወንበሩን እርጥብ ፎጣ በሚያለብስበት፣
እዚህ አገር፣ እኔ፣ ፀሐይ አንሶኝ ታመምኩኝ?
ወንዝ ዳር ተቀምጬ ውኃ ጠማኝ አልኩኝ?

«ልቤስ?» አልኳት። «ጠዋት ከአልጋ የሚያስቀረኝ፣
ጫማ ማሰር ዳገት መውጣት የሚመስለኝ፣
ልጄ አጠገቤ ስትስቅ ከሩቅ የሚሰማኝ?»
ብዕሯን አስቀመጠች።
«እሱም ይኖርበታል። ግን ማን ማንን እንዳመጣ
ሳይንሱም ይከራከራል፤ ገና ጠርቶ አልወጣ።
ዘመድ ናቸው እንጂ ታላቅ ታናሻቸው አልታወቀ።
ጭንቀቱ ግን መቼ ነው ከቤትሽ የዘለቀ?»

ቀኑን አውቀዋለሁ።
የባሌ ጭነት ኬላ ላይ የተያዘ ዕለት፣
አርባ ሁለት ካርቶን ጫማ፣ የተበደርንበት።
ሮብሌ ሱቁን ሊከፍት በደጃችን ሲያልፍ
መጋረጃ ዘጋሁ። «ዛሬን ብቻ እንዳያየኝ»፣
ደግሞ «ነገንም»… ጨርቁ ግንብ ሆኖ ሦስት ዓመት ጋረደኝ።
በአምፖል ሥር ስሰፋ፣ በአምፖል ሥር ስበላ፣
በር በተንኳኳ ቁጥር ደሜ ሽቅብ ሲፈላ፣
ሰውነቴ ጦር ሰፈር፣ ጠላት የሌለበት፣
ዘቡ ሌሊት ከቀን ሳይፈርስ የቆመበት።
እትዬ ጠጅቱ «ዓይን ነው» አለችኝ፤ ባሌ «አቦ ተይው!»
ስም የሌለውን ነገር በምን ስም ልጥራው?

ሐኪሟ ጻፈችልኝ፤ በሳምንት አንድ ፍሬ፣
ስምንት ሳምንት። «ደግሞ ከዛሬ
ጀምረሽ ፀሐይ ሙቂ። የንጋቷን አይደለም፤ እሷ ለዓይን ናት።
ጥላሽን እዪ፤ ካንቺ ሲያጥር፣ ያኔ ነው፤ ሩብ ሰዓት።»
ሦስት ዓመት ከቁመቴ የረዘመ ጥላ ይዤ ነው የኖርኩት።
ይህን ግን አልነገርኳት።

ከዚራን ዛፍ ጋርዷታል፤ መጋላ ሸራ ለብሳለች፤
ደቻቱ ብቻ ናት ያለ ጥላ የተሰጣች፣
ክረምት ስትቆጣ ቤት ወሳጅ፣ በጋ አሸዋ የሆነች።
እንደኔ ናት፤
ስትሞላ ትጮኻለች፤ ስትደርቅ ግን ማን ሰማት?
የድሪያዬን እጅጌ እስከ ክርኔ ሰብስቤ ተቀመጥኩ።
ጥላዬን በስንዝር ለካሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በለጥኩ።

ሽርጥ ያገለደመ፣ ፎጣ የጠመጠመ፣ አንድ ሰው መጣ፤
ሮብሌ! እግሬ ሊሸሽ አሰበ፤ ጉልበት አጣ።
ድንጋይ መርጦ ከወዲያ ተቀመጠና
እጅጌውን ጠቀለለ። ቆየ። ቀና
ብሎ፣ «ስንት ነው ያንቺ?» አለኝ።
«ስድሳ ሁለት ሺህ፣ የረመዳኑን ሳይጨምር…» ድምፄ ከዳኝ።
«የዕዳውን አይደለም» አለ፤ ጥርሱ ታየ፤ «የደሙን!
የኔ አሥራ አንድ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆጥር፣ መች አየሁት ቀኑን?»
ዝም ተባባልን። ፍየል አለፈች።
«እኔ እኮ» አለ፣ «በደጅሽ ካለፍኩ ዓመት ሆነኝ፤
መጠየቁ ቢያሳፍረኝ መንገዱን ቀየርኩኝ።»

ዓመት ሙሉ! ማንም በማያልፍበት መንገድ
መጋረጃ ይዤ ቆሜ፣ ከራሴ ጋር ስላመድ።

ዕዳው አልተሰረዘም። እሱ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩ።
ፍሬውም ተአምር አይደለም፤ ማክሰኞ ከአልጋ ቀረሁ፣
ረቡዕ አርፍጄ ወጣሁ፤ ጥላዬ በልጦኝ ተመለስኩ።

ዛሬ መጋረጃውን አውርጄ አጠብኩት።
ገመድ ላይ ሰጣሁት።
በድሬ ፀሐይ ጨርቅ በሩብ ሰዓት ይደርቃል።
ደርቋል።
አላነሣሁትም።